የእንግዳ መብትና የጎረቤት ግዴታ፦ የመዲና ሰነድ በአስተምህሯችን ውስጥ ያለው ስፍራ

በመድረሳዎቻችንና በመስጊዶቻችን ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር በሰላም ስለ መኖር ሲነሣ ሁለት ታሪኮች ከሁሉም ቀድመው ይጠቀሳሉ። አንደኛው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ያደረጉት ስደት ነው። ሁለተኛው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ከገቡ በኋላ የከተማይቱን ነዋሪዎች ያስተሳሰሩበት የጽሑፍ ቃል ኪዳን፣ ሰሒፋው ነው። የመጀመሪያው ከነባለታሪኮቹ፣ ከነንግግሩና ከነፍጻሜው ይተረካል፤ ደረሳውም ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ ይዞት ያድጋል። ሁለተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአይሁድ ጋር ተስማምተው አንድ ማኅበረሰብ መሠረቱ ይባልና ንግግሩ ወደ በድር ዘመቻ ይሻገራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ የአነባበብ ልማድ ነው። የምናቀርበው ሐሳብም ይህ ነው፦ የሐበሻው ታሪክ የእንግዳን መብት ያስተምራል፤ የመዲናው ሰነድ የጎረቤትን ግዴታ ያስተምራል። እኛ በሀገራችን ከሌላ እምነት ተከታዮች ጋር የምንኖረው በእንግድነት ስላልሆነ፣ ለዕለት ኑሯችን ይበልጥ የሚቀርበው ሁለተኛው ነው። ይሁን እንጂ ሰነዱን ከነአንቀጾቹ ስለማናስተምረው ከእጃችን ላይ ያለውን ትምህርት ሳንጠቀምበት ቀርተናል። በምትኩ የያዝነው አንድ ውብ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ጠያቂ ሲመጣ የማይቆም ሆኖብናል።

የሰነዱ መገኛና የዘገባው ደረጃ

ሰነዱ በሁለት ዋና መንገዶች ደርሶናል። የመጀመሪያው የኢብን ኢስሐቅ ሲራ ነው፤ እርሱንም በኢብን ሂሻም ቅንብር እናገኘዋለን። ሁለተኛው በሂጅራ 224 ያረፉት አቡ ዑበይድ አል-ቃሲም ኢብን ሰላም በኪታብ አል-አምዋል ያሰፈሩት ነው። ኢብን ኢስሐቅ ጽሑፉን ያለ ኢስናድ አቅርበውታል። የአቡ ዑበይድ ዘገባ ኢስናድ ያለው ቢሆንም በኢብን ሺሃብ አዝ-ዙህሪ ላይ ይቆማል፤ አዝ-ዙህሪ ደግሞ ከታቢዒዮች ወገን ስለሆኑ ዘገባው ሙርሰል ነው። ስለዚህ ሰነዱን በሙሉ እንደ ቡኻሪ ሐዲስ አድርጎ ከሚንበር ላይ ማቅረብ የሐዲስን ሙያ መዝለል ነው።

ይህ ማለት ግን ሰነዱ ይጣላል ማለት አይደለም። በርካታ ይዘቶቹ በሌላ መንገድ በጸኑ ዘገባዎች ይደገፋሉ። ዐሊይ ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ስለ ደም ካሳና ስለ ምርኮኛ ማስፈታት የሚናገር ሰሒፋ እንደነበራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። መዲና የተከበረ ክልል፣ ሐረም፣ መደረጓም በጸኑ ሐዲሶች የታወቀ ነው። ከዚህም ሌላ ቋንቋው ጥንታዊ ነው፤ የጎሳዎቹ ዝርዝር የዚያን ዘመን ኑሮ የሚመስል ነው። አይሁድን በአባልነት የሚያቅፍ ጽሑፍ ደግሞ በኋለኞቹ ዘመናት ሆን ተብሎ የሚፈጠርበት ምክንያት አይታይም። በምዕራቡ ዓለም የእስልምናን ምንጮች በጥርጣሬ ከሚያዩት አጥኚዎች መካከል እንኳ አብዛኞቹ ሰነዱ የጥንት መሆኑን የሚቀበሉት በእነዚሁ ምክንያቶች ነው።

ክርክር ያለው በሌላ ነጥብ ላይ ነው። ጽሑፉ በመጀመሪያ መልኩ ቁጥር የለውም፤ በ47 አንቀጾች የከፈለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀርመናዊው ዌልሃውዘን ነው። ብሪታኒያዊው ሰርጀንት ደግሞ ጽሑፉ በተለያየ ጊዜ የተጻፉ ስምንት ሰነዶች ስብስብ ነው ሲል ተከራክሯል። መምህሩ ከእነዚህ አንዱን የግድ መምረጥ አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ሰነዱ በአንድ ቀን በአንድ ጉባኤ ተፈርሞ ያለቀ ነው ብሎ አለማስተማር ነው። በአንድ ቀን የተጻፈም ሆነ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተጠራቀመ፣ የሚያሳየው ሥርዓት አንድ ነው።

በሁለቱ መንገዶች መካከል ስላለው አንድ የቃል ልዩነትም መናገር ይገባል። በኢብን ኢስሐቅ ዘገባ የበኑ ዐውፍ አይሁድ ከምእመናን «ጋር» (መዐ) ያሉ ኡማ ተብለዋል፤ በአቡ ዑበይድ ዘገባ ከምእመናን «ወገን» (ሚን) የሆኑ ኡማ ተብለዋል። አንዳንድ ጸሐፊዎች በዚህች አንዲት ቃል ላይ ሙሉ የአንድነት ንድፈ ሐሳብ ይገነባሉ፤ ሌሎች በዚህችው ቃል ያንን ንድፈ ሐሳብ ያፈርሳሉ። በእኛ እይታ ሁለቱም ሸክሙን ሊሸከመው በማይችል ምሰሶ ላይ አኑረዋል። ወዲያው ተከትሎ የሚመጣው ሐረግ ለአይሁድ ዲናቸው፣ ለሙስሊሞችም ዲናቸው እንዲሆን ይደነግጋል። እምነት በየራሱ ጸንቶ ከቆየ፣ ኡማ የተባሉት የሃይማኖት ውሕደት ተደርጎባቸው አይደለም። አንድ ያደረጋቸው ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከቀሩት አንቀጾች ነው፤ እነርሱም በሁለቱም ዘገባዎች በመሠረቱ አንድ ናቸው።

ሰነዱ ምን ያዝዛል?

ሰነዱ የተጻፈበትን ከተማ ሁኔታ እናስታውስ። አውስና ኸዝረጅ ከሂጅራ ጥቂት ዓመታት በፊት በቡዓስ ጦርነት እርስ በርስ ተፋጅተው ነበር። ከአይሁድ ጎሳዎች በኑ ነዲርና በኑ ቁረይዛ ከአውስ ጋር፣ በኑ ቀይኑቃዕ ከኸዝረጅ ጋር ተሰልፈው ነበር። የጠላትነት መስመሩ በእምነት መካከል የተሰመረ አልነበረም፤ ዐረብን ከዐረብ፣ አይሁድን ከአይሁድ የከፈለ የደም መስመር ነበር። እ.ኤ.አ. በ622 ሙሃጂሮች ወደዚህች ከተማ ሲገቡ የገቡት ያልደረቀ ደም ወዳለበት ሰፈር ነው።

ሰነዱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የቁረይሽ ሙሃጂሮችንና የአንሷርን ጎሳዎች አንድ በአንድ እየጠራ፣ እያንዳንዱ እንደ ቀድሞው ወጉ የደም ካሳውን እንዲከፍልና ምርኮኛውን በምእመናን መካከል በሚገባና በፍትሕ እንዲያስፈታ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ስምንት የአንሷር ጎሳዎች እየተጠሩ ይደጋገማል። ፈጣን አንባቢ እንደ አሰልቺ ዝርዝር ሊዘለው ይችላል። ቆም ብሎ ላነበበው ግን ሰነዱ ከስሜት ወይም ከመልካም ምኞት ሳይሆን ከገንዘብና ከዕዳ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ቀጥሎም ምእመናን በመካከላቸው ዕዳ የከበደውን ሰው በካሳም ሆነ በቤዛ ሳይረዱት እንዳይተዉት ይናገራል። ኢብን ሂሻም ሙፍረሕ የሚለውን ቃል ዕዳና የቤተሰብ ብዛት ያጎበጠው ሰው ብለው ተርጉመውታል። እንግዲህ የመዲና አንድነት የመጀመሪያ ጥያቄ «የወደቀውን ማን ያነሣዋል?» የሚል ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥፋት ተጠያቂነት ነው። ከምእመናን መካከል ግፍ የሚሠራ፣ ወይም በደልና ብጥብጥ የሚያስፋፋ ሰው ቢነሣ፣ የሁሉም እጅ በአንድነት በእርሱ ላይ እንዲሆን ሰነዱ ያዝዛል፤ ጥፋተኛው የአንዳቸው ልጅ ቢሆንም እንኳ። ወንጀለኛን ማስጠለልም ይከለክላል። አይሁድን በሚመለከተው ክፍል ደግሞ የበደለና ኃጢአት የሠራ የሚጎዳው ራሱንና ቤተሰቡን ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። ሰው በተባባሪው ጥፋት እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። መዝጊያው ላይም ይህ ጽሑፍ ለበዳይ መከለያ እንደማይሆን ያስጠነቅቃል። ለአንድ ሰው ጥፋት ጎሳው በሙሉ በሚፈለግበት ዘመን፣ ተጠያቂነትን ከጎሳ ወደ ግለሰቡና ወደ ቤቱ ማውረድ የደምን ሰንሰለት የሚበጥስ ውሳኔ ነበር።

ሦስተኛው የመከላከያ ግዴታ ነው። አይሁድ ወጪያቸው በራሳቸው ነው፤ የሙስሊሞችም ወጪ በራሳቸው። የሰነዱን ባለቤቶች የሚወጋ ሲመጣ ግን መረዳዳት አለባቸው፤ ጦርነቱ እስከ ቀጠለ ድረስም አይሁድ ከምእመናን ጋር በወጪ ይካፈላሉ። በመካከላቸው ምክርና ቅን አያያዝ ይኖራል። የየሥሪብ መሐል ለሰነዱ ባለቤቶች ሐረም ነው። ጥበቃ የተሰጠው ጎረቤት፣ ጃር፣ እስካልጎዳና እስካልበደለ ድረስ እንደ ራስ ይቆጠራል። ገና ያልሰለሙት የከተማይቱ ሰዎች እንኳ ከሥርዓቱ ውጭ አልቀሩም፤ የቁረይሽን ንብረት ወይም ነፍስ እንዳያስጠልሉ ተከልክለዋል። ልዩነትና ክርክር ቢነሣ ጉዳዩ ወደ አላህና ወደ መልእክተኛው ይመለሳል።

አስቸጋሪ የሚመስለውንም አንቀጽ መደበቅ አይገባም። ምእመን ምእመንን በከሃዲ ምክንያት እንዳይገድል፣ ከሃዲንም በምእመን ላይ እንዳይረዳ ሰነዱ ይናገራል። ይህ አንቀጽ የጃሂሊያው የደም ዕዳ ባልተዘጋበት፣ ቁረይሽም ጦር በሚያሰናዳበት ጊዜ የተነገረ ነው። ከዚሁ ጋር የተቀራረበው የቂሷስ ጥያቄ በፊቅህ መዝሀቦች መካከል ሰፊ ውይይት የተደረገበት ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ሙስሊም በሙስሊም ባልሆነ ሰው ደም አይገደልም ሲሉ፣ አቡ ሐኒፋ ለዚሚይ ደም ቂሷስ ይፈጸማል ብለዋል። ሁለቱም ወገኖች ግን ቃል ኪዳን ያለውን ሰው መግደል ከባድ ሐራም መሆኑን አይለያዩበትም። መምህሩ ይህን አንቀጽ ከነማብራሪያው ቢያስተምር ደረሳው በኋላ ከሌላ አፍ ሲሰማው አይደናገጥም።

«የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት» የሚለው ስያሜ

ባለፈው ክፍለ ዘመን ሙሐመድ ሐሚዱላህ ሰነዱን በዓለም የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ብለው ካቀረቡት ወዲህ ስያሜው በመላው የሙስሊም ዓለም ተስፋፍቷል። የሐሚዱላህ ውለታ ትልቅ ነው፤ በሲራ መጻሕፍት ገጾች መካከል ተደብቆ የነበረውን ጽሑፍ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 በሞሮኮ ማራካሽ የተሰበሰቡት ዑለማዎች ያወጡት መግለጫም በሙስሊም በሚበዙባቸው ሀገሮች የሚኖሩ የሌላ እምነት ተከታዮችን መብት ለማስከበር ይህንኑ ሰነድ መሠረት አድርጓል። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው።

ሆኖም ስያሜው ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ ንግግሩን ወደ ውድድር ይወስደዋል። «እኛ ከሌላው ቀድመን ጻፍን» የሚለው ኩራት «የጻፍነውን ዛሬ እንፈጽማለን ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው፣ ሕገ መንግሥት የሚለው ቃል በአድማጩ ልብ ውስጥ መንግሥትን፣ ምክር ቤትንና ፍርድ ቤትን ያስከትላል። ስለዚህ ሰነዱን የመፈጸም ኃላፊነት ከሰፈርተኛው ተነሥቶ ወደ ባለሥልጣን የተላለፈ ይመስላል። የሰነዱ ትእዛዞች ግን የተሰጡት ለጎሳዎች፣ ለቤተሰቦችና ለጎረቤቶች ነው። ካሳ የሚያዋጣው፣ ምርኮኛ የሚያስፈታው፣ ጥፋተኛ ልጁን የማያስጠልለው ነዋሪው ራሱ ነው። ሰሒፋ ወይም የመዲና ቃል ኪዳን የሚለው ጥንታዊ ስም ኃላፊነቱን ከተቀበሉት ሰዎች ትከሻ ስለማያወርደው የተሻለ ነው።

ከሰነዱ በኋላ የመጣውን ስለ መናገር

የአስተምህሯችን ከባድ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰነዱ ታሪክ በፍቅርና በስምምነት ተተርኮ ሲያበቃ፣ ጥቂት ገጾች አልፎ በኑ ቀይኑቃዕ በሂጅራ 2ኛው ዓመት፣ በኑ ነዲር በ4ኛው ዓመት ከመዲና መውጣታቸው፣ በ5ኛውም ዓመት ከኸንደቅ ዘመቻ በኋላ በበኑ ቁረይዛ ተዋጊዎች ላይ በሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ.) የተሰጠው የሞት ፍርድ ይመጣል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለት ምዕራፎች አይገናኙም። ደረሳው አንዱን ከኹጥባ ይሰማል፤ ሌላውን ከእስልምና ተቺዎች ወይም ጥላቻን ከሚሰብኩ ሰዎች ይሰማል። ተቺው «ስምምነቱ ማታለያ ነበር» ይለዋል፤ ጥላቻ ሰባኪው «ስምምነቱ ተሽሯል» ይለዋል። ሁለቱ በተቃራኒ በር ገብተው በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። መምህሩ ዝም ካለ ክፍሉ የእነርሱ ይሆናል።

ዝምታውን የሚሰብር ማስረጃ በሲራውና በሐዲሱ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው ነጥብ፣ ሰነዱ በስም የሚጠራቸው አይሁድ ከአንሷር ጎሳዎች ጋር የተያያዙት መሆናቸው ነው፤ የበኑ ዐውፍ፣ የበኑ ነጃር፣ የበኑ ሓሪስ፣ የበኑ ሳዒዳ፣ የበኑ ጁሸም፣ የበኑ አውስና የበኑ ሠዕለባ አይሁድ ይባላሉ። ሦስቱ ታላላቅ ጎሳዎች ግን በስማቸው አልተጠሩም። በአጋሮቻቸው በኩል ተካተው ነበር ወይስ የየራሳቸው ውል ነበራቸው የሚለው በአጥኚዎች መካከል ያከራክራል። ስለዚህ «ሰነዱን የፈረሙት ሁሉ ተባረሩ» የሚለው አነጋገር ጽሑፉ ከሚለው ያለፈ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ሲራው ለእያንዳንዱ ግጭት የየራሱን ምክንያት ያቀርባል። የበኑ ቁረይዛ ጉዳይ የተነሣው ከተማይቱ በተከበበችበት ሰዓት ከከባቢዎቹ ጋር በመተባበር ውል አፍርሰዋል በሚል ነው። ፍርዱን የሰጡትም የቀድሞ የጎሳ አጋራቸው ናቸው። ፍርዱ ከባድ ነው፤ የተገደሉትም ቁጥር በዘገባዎች ይለያያል። ከባድነቱን ማቅለል ከመምህር አይጠበቅም። የሚጠበቀው የጦርነትና የውል ጉዳይን የእምነት ጉዳይ አድርጎ አለማቅረብ ነው። በቁርኣንም የአል-ሙምተሒና ምዕራፍ 8ኛውና 9ኛው አንቀጾች ላልተዋጉና ካገር ላላስወጡ ሰዎች መልካም መዋልንና ፍትሕን ፈቅደው፣ ክልከላውን ለተዋጉት ለይተውታል። ልዩነቱ የተሠራው በተግባር እንጂ በዘር አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባረፉ ጊዜ የጦር ጥሩራቸው በ30 ሷዕ ገብስ አንድ አይሁዳዊ ዘንድ ተይዞ እንደነበር ከዓኢሻ (ረ.ዐ.) በቡኻሪ ተዘግቧል። ይህ የሆነው ሦስቱ ግጭቶች ካለፉ ከዓመታት በኋላ ነው። የዐረብ ምድር መሪ የነበሩት ሰው ለቤታቸው ገብስ ከአይሁዳዊ ጎረቤት በመያዣ ወስደዋል፤ አበዳሪውም መያዣ የመጠየቅ መብቱ ተጠብቆለታል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውም የጀናዛው ታሪክ አለ። ሰህል ኢብን ሑነይፍና ቀይስ ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ.) በቃዲሲያ ተቀምጠው ሳለ የሌላ እምነት ተከታይ አስከሬን ሲያልፍ ተነሥተው ቆሙ። ለምን ብለው ሲጠየቁም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአንድ አይሁዳዊ ጀናዛ መቆማቸውን፣ ሟቹ አይሁዳዊ ነው ሲባሉም ነፍስ መሆኑን በጥያቄ መልክ ማስታወሳቸውን ነገሩ። ለጀናዛ መቆም ዛሬም የሚሠራበት ሱና ነው ወይስ ተሽሯል በሚለው ሊቃውንት ቢለያዩም፣ ሁለቱ ሰሓቦች ከዓመታት በኋላ፣ በሩቅ ሀገር ይዘውት የተገኙት ትምህርት ምን እንደነበር ግን ዘገባው ያሳየናል።

ሐበሻና መዲና፦ ሁለት ትምህርቶች

አሁን ወደ ሐበሻው ታሪክ እንመለስ። በኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ዘገባ፣ እርሱም በኢብን ኢስሐቅ ዘንድ በተያያዘ ኢስናድ የመጣ ነው፣ የቁረይሽ መልእክተኞች የቆዳ ስጦታ ይዘው መጥተው ስደተኞቹን አሳልፎ እንዲሰጣቸው ነጃሺን ጠየቁ። ንጉሡ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አልፈርድም አለ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ተናገሩ፤ ከመርየም ምዕራፍም አነበቡ፤ ስደተኞቹም ዳኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጃሺ ባረፈ ጊዜ በሌለበት እንደሰገዱለት በቡኻሪ ጸንቷል። ሀገራችን በዚህ ታሪክ የምትኮራበት ምክንያት በቂ ነው፤ መምህራንም ሊያስተምሩት ይገባል።

ነገር ግን የታሪኩን አወቃቀር እንመልከት። ስደተኞቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ደኅንነታቸው የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ፍትሕ ላይ ነው። በዚሁ በኡሙ ሰለማ ዘገባ፣ በንጉሡ ላይ ተቀናቃኝ በተነሣ ጊዜ ስደተኞቹ እጅግ ተጨነቁ፤ የእነርሱን መብት የሚያውቅ ሌላ ንጉሥ ይመጣ እንደሆነ አያውቁምና። ማድረግ የቻሉት ለድሉ ዱዓ ማድረግና አዝ-ዙበይርን በተነፋ አቁማዳ ወንዙን አሻግሮ ወሬ ማስመጣት ነበር። የእንግዳ ደኅንነት ጸጋ ነው፤ ግን አስተናጋጁ ሲለወጥ ይናወጣል። እንግዳ ምስጋናና ጸሎት አለበት፤ ካሳ አያዋጣም፣ ዳኝነት አይቀመጥም፣ የሰፈሩን ጥፋተኛ አይገሥጽም።

የመዲናው ሰነድ የተጻፈው ሌላ ዓይነት ግንኙነት ላላቸው ሰዎች ነው። በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ ውኃቸው፣ ገበያቸውና ጠላታቸው አንድ ነው። ደኅንነታቸው በአንድ ንጉሥ ልብ ላይ አልተንጠለጠለም፤ ለሁሉም በየድርሻው ተከፋፍሏል። ስለዚህ በሀገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ያላቸው ግንኙነት የሚመሳሰለው ከዚህኛው ጋር ነው። ደረሳዎቻችን ስለ አብሮ መኖር ሲያስቡ የሐበሻውን ታሪክ ብቻ ከያዙ፣ ራሳቸውን በገዛ ሀገራቸው እንግዳ አድርገው ማየትን፣ ወይም ሌላውን እንደ አስተናጋጅ ቆጥረው ውለታውን ብቻ መጠበቅን ይማራሉ። ሁለቱም የጎረቤትን ግዴታ ያስረሳሉ።

የሰነዱ መንፈስ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። በወሎ ደም ሲፈስ የእምነት ልዩነት ሳያግዳቸው ወገኖችን አስታርቀው ደም የሚያደርቁ አበጋሮች አሉ። በብዙ ከተሞች ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ዕድር ታቅፈው መዋጮ ይከፍላሉ፤ ድንኳን ይተክላሉ፤ ለቀስተኛ ያስተናግዳሉ። ንጽጽሩን እስከ መጨረሻው መግፋት አይቻልም፤ ሰሒፋው የተጻፈው በጦርነት አፋፍ ላይ በነቢይ መሪነት ነው፤ ዕድር የሰፈር መረዳጃ ነው። የሚያመሳስላቸው ግን አንድ መሠረታዊ ነገር አለ፦ በሁለቱም ሰዎች የተሳሰሩት ችግር ሲመጣ ማን ምን እንደሚያወጣ አስቀድመው ተስማምተው በመሆኑ ነው።

ለሚንበርና ለመድረሳ

ከዚህ ምርመራ በመነሣት ለመምህራንና ለኢማሞች አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ሰነዱ በመድረሳ ከነአንቀጾቹ ይነበብ። የኢብን ሂሻምና የአቡ ዑበይድ ዘገባዎች ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ ደረሳው ስለ ኢስናድና ስለ ቃል ልዩነት የተማረውን በተግባር ይሠራበታል። የዘገባውን ደረጃ መናገር የሰነዱን ክብር አይቀንስም፤ የመምህሩን ተአማኒነት ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ከካሳውና ከዕዳው አንቀጾች ይጀምር። አንድነትን በስሜት ቃላት ከመግለጽ ይልቅ፣ «በዚህ ሰፈር ዕዳ ያጎበጠው ማን ነው? ከእኛ እምነት ውጭ ቢሆንስ ማን ያነሣዋል?» ብሎ መጠየቅ ለሰነዱ ይበልጥ የታመነ ነው።

ሦስተኛ፣ በአካባቢ ግጭት ሲነሣ ኢማሙ ከሁሉ በፊት የሚያስታውሰው ጥፋተኛው የአንዳቸው ልጅ ቢሆንም እንኳ የሁሉም እጅ በእርሱ ላይ ይሁን የሚለውን አንቀጽ ይሁን። ይህ አንቀጽ ወደ ራሳችን ይመለሳል። የሌላውን ጥፋተኛ ማውገዝ ቀላል ነው፤ የራስን ልጅ አለማስጠለል ግን ቃል ኪዳኑን የሚፈትን ነው። በአንጻሩም አንድ ግለሰብ ባጠፋው ጥፋት የእምነቱ ተከታዮች በሙሉ፣ መስጊድም ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ መጠየቅ እንደሌለባቸው የሚከላከለው ማስረጃ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሁለቱን ነጥሎ መያዝ አይቻልም፤ የራሱን ጥፋተኛ የሚያስጠልል ሰፈር ሌላው በጅምላ አይወንጅለኝ ብሎ ለመናገር አፉ ይታሰራል።

አራተኛ፣ ከሰነዱ በኋላ የመጡት ግጭቶች ከሰነዱ ጋር አብረው ይሰጡ። የበኑ ቁረይዛን ታሪክ ከመምህሩ የሰማ ደረሳ፣ የጥሩራውንና የጀናዛውን ሐዲስም አብሮ የሰማ ደረሳ፣ በማኅበራዊ መገናኛ ከሚደርሰው ቁርጥራጭ ወሬ ፊት ባዶ እጁን አይቆምም።

ስለ ነጃሺ ፍትሕ መናገራችንን አንተው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ እንግዳው ጎረቤት ከሆነ በኋላ ምን ይጠበቅበታል? ለዚህ ጥያቄ ከሲራችን የምናገኘው ሰፊ መልስ በዚያ ዕዳን፣ ካሳን፣ ቤዛንና የጎረቤትን ክብር በሚዘረዝር ሰሒፋ ላይ ተጽፏል። መልሱን ከነዝርዝሩ ማስተላለፍ በእጃችን ያለ አማና ነው። ወላሁ አዕለም።